ከግንባር የመጡ ደብዳቤዎችና የተራው ወታደር ታሪክ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች ሁለቱ ስለ አንድ ትውልድ የሚያነሡ በመሆናቸው አብረን አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ አያቴ ባለፈው ዓመት ካረፉ በኋላ ሣጥናቸው ሲከፈት በጨርቅ የተጠቀለሉ ዘጠኝ ደብዳቤዎችና አንድ ፎቶግራፍ ተገኙ። ደብዳቤዎቹን የላከው የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው። በ1978 ዓ.ም. በ19 ዓመቱ ከመንዝ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ኤርትራ ዘመተ። የመጨረሻው ደብዳቤ የተጻፈው በጥር 1980 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያን ጊዜ ክፍሉ አፍአበት እንደነበረ አባቴ ይናገራሉ። ከዚያ በኋላ ወሬው ጠፋ፤ መርዶም አልመጣም፤ አያቴም እስከ ዕለተ ሞታቸው ለቅሶ አልተቀመጡም። ደብዳቤዎቹን ደጋግሜ ባነባቸውም ስለ ጦርነቱ አንድም ነገር አላገኘሁባቸውም፤ ሰላምታ፣ የከብት ጥያቄና ጥቂት የገንዘብ ጉዳይ ብቻ ናቸው። የሁለቱ የእጅ ጽሑፍ ደግሞ ከሌሎቹ ይለያል። አባቴ ራሳቸው በ1981 ዓ.ም. ዘምተው በ1983 ዓ.ም. በሱዳን በኩል በእግራቸው የተመለሱ ወታደር ናቸው፤ ስጠይቃቸው «ያለፈ ነገር ነው» ብለው ከተቀመጡበት ይነሣሉ። ደብዳቤዎቹ ይህን ያህል ባዶ የሆኑት ለምንድን ነው? አባቴንስ ልጠይቃቸው ወይስ ልተዋቸው? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ደብዳቤዎቹ ባዶ አይደሉም። ባዶ የሚመስሉን ዛሬ ደብዳቤን አንድ ሰው ለሌላው ሰው ብቻ የሚልከው ምስጢር አድርገን ስለምናነበው ነው። በዚያ ዘመን ከግንባር ወደ ገጠር የሚመጣ ደብዳቤ በፖስታ ቤት በኩል ወይም ፈቃድ በወጣ ጓደኛ ኪስ ተጉዞ ይደርስና፣ እናትየው ፊደል ካልቆጠሩ በተማሪ ልጅ ወይም በቄስ ይነበብላቸዋል፤ ወሬው የደረሰው ጎረቤትም ለመስማት ይሰበሰባል። ወጣቱ ወታደር ይህን አሳምሮ ያውቅ ነበር። «ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነኝ» ብሎ ሲጽፍ ቃሉ በመንደሩ ፊት ጮክ ተብሎ እንደሚነበብ እያሰበ፣ እናቱ በሰው መካከል እንዳይሰበሩ እየተጠነቀቀ ነው። የጻፈው ነገር በአለቃ ዓይን ሊያልፍ ይችላል ብሎ የሚጠራጠር ወታደርም የጦር ሜዳውን ሁኔታ በወረቀት ላይ አያሰፍርም።

ስለዚህ እንዲህ ያሉ ደብዳቤዎች የሚመረመሩት ዘወትር በሚደጋገመው ነገር ውስጥ የተለወጠውን በመፈለግ ነው። ዘጠኙን በቀናቸው ቅደም ተከተል ይደርድሯቸው። ከአንድ ወረዳ የሄዱ ልጆች አንዱ በሌላው ደብዳቤ ሰላምታ የመላክ ልማድ ነበራቸው። «እገሌም ደህና ነው፣ ለእናቱ ንገሩልኝ» የሚለው ቃል በአራት ደብዳቤዎች ላይ ቆይቶ በአምስተኛው ላይ ከሌለ፣ ስለ ጦርነቱ የተነገረዎት በዚያ ቦታ ላይ ሊሆን ይችላል። የከብቱንም ጥያቄ አይናቁት። የትኛው ማሳ ታረሰ፣ በሬው ዳነ ወይ፣ ጊደሯ ወለደች ወይ እያለ የሚጠይቅ የ20 ዓመት ልጅ ተመልሶ ሊያርስ ያሰበ ሰው ነው። ጥያቄው እያጠረ ከሄደ፣ ወይም ቀድሞ «እንዳትሸጡት» ያለውን በሬ በኋላ «ሽጡና ተጠቀሙበት» ካለ፣ በልቡ ምን እንደተለወጠ ከዚያ ሊገምቱ ይችላሉ።

የእጅ ጽሑፉ ልዩነት ትልቅ ነገር ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው በ1971 ዓ.ም. እንደመሆኑ ብዙ የገጠር ወጣቶች ፊደል የቆጠሩት ከመዝመታቸው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነበር፤ አንዳንዱ ራሱ ይጽፋል፣ አንዳንዱ ለጓዱ እየነገረ ያስጽፋል፤ እጁ የቆሰለ ወይም ሕክምና ላይ ያለም እንዲሁ። በሁለቱ ደብዳቤዎች መጨረሻ ላይ ጸሐፊው የራሱን ሰላምታና ስም አክሎ እንደሆነ በጥንቃቄ ይመልከቱ። ስም ካገኙ ከአጎትዎ ጎን የነበረ አንድ ምስክር አገኙ ማለት ነው፤ ዛሬም በሕይወት ሊኖር ይችላል። የፎቶግራፉንም ጀርባ ያገላብጡ። ወታደሮች ከተማ ሲወርዱ ፎቶ ቤት ገብተው ይነሡና ከጀርባው «ለማስታወሻ» ብለው ቀን ይጽፉበት ነበር።

አጎትዎና አባትዎ የተወሰዱበት ሕግ በ1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅ ነው። ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 30 የሆነ ዜጎች ለስድስት ወር ሰልጥነው ሁለት ዓመት እንዲያገለግሉ፣ ከዚያም እስከ 50 ዓመታቸው ተጠባባቂ እንዲሆኑ ያዛል። በወረቀት 30 ወር የተባለው ግን ጦርነቱ እየገፋ ሲሄድ ለብዙዎች መጨረሻ አልነበረውም። ቀበሌዎችና የገበሬ ማኅበራት የሚያቀርቡት የሰው ቁጥር ተመድቦላቸው ስለነበር፣ ኮታው ካልሞላ ወጣቶች ከገበያና ከመንገድ ይታፈሱ ነበር። ታጠቅ፣ ሁርሶ፣ ብር ሸለቆ፣ ጦላይና ብላቴ የሚባሉት የማሠልጠኛ ሰፈሮች ስም በዚያ ዘመን ወላጆች ጆሮ ከባድ ነበር።

አፍአበት በኤርትራ የነበረው የኢትዮጵያ ሠራዊት ክፍል፣ የናደው ዕዝ፣ ማዘዣ ነበረች። ዕዙ በናቅፋ ተራሮች ምሽግ ውስጥ ከኤርትራ ሕዝብ ነጻነት ግንባር (ሻዕቢያ) ጋር ለዓመታት ተፋጥጦ ቆይቷል። የካቲት 1980 ዓ.ም. የዕዙ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ትእዛዝ ተገደሉ። ከአንድ ወር ገደማ በኋላ፣ መጋቢት 8 ቀን፣ ሻዕቢያ ማጥቃት ጀመረ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም ናደው ዕዝ ፈረሰ። እያፈገፈገ ሳለ መውጫው የተዘጋበትን የተሽከርካሪ ሰልፍ፣ ታንኩና መድፉ በጠላት እጅ እንዳይገባ ሲባል፣ የወገን አውሮፕላኖች ደበደቡት። ሻዕቢያ 18 ሺህ ያህል ወታደር ገደልኩና ማረክሁ ብሎ አወጀ። ይህ የአሸናፊው ቁጥር ነው። እናት ሄዳ የልጇን ስም የምትፈልግበት ለሕዝብ የተገለጠ የሟቾች ዝርዝር ግን እስከ ዛሬ አላየሁም። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ መዝመት ከጀመረው የቃኘው ሻለቃ 121 ሰዎች መሞታቸውን፣ 536 መቁሰላቸውንና አንድም አለመማረኩን በኩራት እናወሳለን፤ መታሰቢያም ቆሞላቸዋል። በአገሩ ተራሮች ላይ የወደቀው የገበሬ ልጅ በዚያው ጥንቃቄ አለመቆጠሩ ያሳዝነኛል፤ በማዶው ምሽግ የነበረውም የእናት ልጅ ነበረና ለእርሱም እንዲሁ።

አያትዎ ለቅሶ አለመቀመጣቸውን እንደ ግትርነት እንዳያዩት እለምናለሁ። አጎትዎ በጠፉበት በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ በሶማሊያው ጦርነት የተማረኩ ከ3 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን በሞቃድሾ እና በአዲስ አበባ ስምምነት በዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል አማካይነት ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ከእነርሱም መካከል እንደ አውሮፕላን አብራሪው ለገሠ ተፈራ 11 ዓመት ታስረው የቆዩ ነበሩ። ሞተ የተባለ ልጅ ከዓሥር ዓመት በላይ ቆይቶ በሕይወት ሲመጣ የሰማች እናት፣ መርዶ ነጋሪ ደጇን ሳይረግጥ ልጇን መቅበር እንዴት ይሆንላታል?

አሁን ወደ አባትዎ ልምጣ። ዝም የሚሉበት ምክንያት ሁላችንም ቶሎ የምናስበው የሞትና የደም ትዝታ ብቻ ላይሆን ይችላል። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ከ4 መቶ ሺህ የሚበልጡ ወታደሮች በአንድ ጊዜ ትጥቅና ደመወዝ አጡ። ብዙዎች በሱዳን በረሃና በሰሜን መንገዶች በውኃ ጥምና በረኀብ አለፉ። በሕይወት የደረሰውም «የደርግ ወታደር» ተባለ፤ በግድ ተወስዶ ስለተሸነፈ መንግሥት እንደ ወንጀለኛ ሆኖ ራሱን እንዲከላከል ተፈረደበት። አባትዎ ደግሞ በዚህ ላይ የወንድማቸው ነገር አለባቸው። እርሳቸው በእግራቸው እናታቸው ደጃፍ ሲደርሱ አያትዎ ከኋላቸው ሌላ ሰው ይመጣ እንደሆነ ሳይመለከቱ አይቀሩም፤ የተመለሰው ልጅ ይህን አይረሳም።

ስለዚህ ይጠይቋቸው፤ ግን «ጦርነቱ እንዴት ነበር?» ብለው አይጀምሩ። ይህ ጥያቄ ወይ ፉከራ ወይ ዝምታ ነው የሚያመጣው። ደብዳቤዎቹን ይዘው ይቅረቡና እርዳታቸውን ይለምኑ፦ «ይህ ስም የማን ነው? ይህ ማሳ የቱ ነው?» ይበሏቸው። ወንድማቸውን ማገዝ ራስን ከማውራት ይቀላል። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ዕለት ኑሮው ይግቡ፦ ሲወሰዱ ከመንደሩ አብሯቸው ማን ነበር፣ በማሠልጠኛ ማን ጎን ተኙ፣ ኮቾሮውን (የወታደር ደረቅ ብስኩቱን) በምን ያለሰልሱት ነበር፣ በምሽግ ውስጥ ክረምቱ እንዴት ያልፍ ነበር፣ በሱዳን መንገድ ውኃ ያካፈላቸው ማን ነው። ትልቁ ነገር ካለ በዚህ መካከል ራሱ ይወጣል። ሊናገሩት የማይፈልጉት ነገር፣ አይተውትም ይሁን ታዘው አድርገውት፣ ሲያጋጥምዎ አይግፏቸው፤ የሚተዉት ነገር የእርሳቸው ነው። ሳይነግሯቸው ድምፃቸውን በስልክ አይቅረጹ። ከተናገሩም በኋላ ሌሊቱን እንቅልፍ ቢነሣቸው ብቻቸውን እንዳይሆኑ ቤተሰቡ ይወቀው፤ ጭንቀቱ ከበረታ ሐኪም ዘንድ መውሰድ ነውር የለውም።

ሲያወሩ የጓደኞቻቸውን ስም ያወጡ ይሆናል፤ ማን የት እንደወደቀም ሊነግሩዎት ይችላሉ። ከእነዚህ ስሞች አንዳንዶቹ እስከ ዛሬ መርዶ ያልደረሰው ቤት ልጆች ናቸውና አደራዎን በማኅበራዊ ሚዲያ አይለጥፏቸው። ስሙን፣ የአባት ስሙን፣ ወረዳውንና አባትዎ ራሳቸው አይተው እንደሆነ ወይስ ሰምተው እንደሆነ ለይተው ይጻፉ። ቤተሰቡ ከተገኘ ነገሩን ለአካባቢው ሽማግሌዎችና ለንስሐ አባት ያሳውቁ፤ ዘመድ ተሰብስቦ ማለዳ የሚነገርበት ሥርዓታችን ለዚህ የቆመ ነው። የአጎትዎን ጉዳይ በተመለከተ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የጠፋ ቤተሰብ የማፈላለግ አገልግሎት ስላለው መጠየቅ ይችላሉ፤ ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ ብዙ ተስፋ አልሰጥዎትም፤ መጠየቁ ግን መብትዎ ነው።

ወረቀቶቹን በቀን ብርሃን ፊትና ጀርባቸውን በስልክ ያንሡ። በፕላስቲክ አያስለብሷቸው፣ የተቀደደውንም በፕላስተር አይለጥፉ፤ ሙጫው ከጊዜ በኋላ ቀለሙን ይበላል። በንጹሕ የወረቀት ፖስታ አድርገው ከእርጥበትና ከጭስ ያርቋቸው፤ መግለጫውንም በእርሳስ በፖስታው ላይ እንጂ በደብዳቤው ላይ አይጻፉ። ቤተሰቡ ከተስማማ ቅጂውን በወመዘክር (በብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ወይም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም እንዲቀመጥ መጠየቅ ይቻላል። በቅርቡ ጦርነት ልጅ የላኩ አንባቢዎቻችንም ይህን ያስቡበት፦ የዛሬው ወጣት ወታደር የሚልከው አጭር የድምፅ መልእክት ነው፤ ስልኩ ሲሰበር ወይም ሲሰረቅ ድምፁ አብሮ ይሄዳልና ዛሬውኑ ሌላ ቦታ ላይ ይቅዱት።

ጥያቄ፦ ሁርሶ ሰልጥኜ በ1982 ዓ.ም. ምጽዋ ላይ የቆሰልኩ ተራ ወታደር ነበርኩ። ልጆቼ የተወለዱት በአሜሪካ ነው። ስለዚያ ጦርነት መጽሐፍ የሚጽፉት ጄኔራሎችና ባለሥልጣናት ናቸው፤ እኔ ከምሽጌ ውጭ ያየሁት ነገር የለም። የእኔን ታሪክ መጻፍ ለማን ይጠቅማል? (ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ ከምሽግዎ ውጭ አለማየትዎ ነው ጽሑፍዎን የሚያስፈልገን። ምጽዋ ላይ ውጊያው የካቲት 1 ቀን 1982 ዓ.ም. እንደተጀመረ፣ ብርጋዴር ጄኔራል ተሾመ ተሰማም እጅ አልሰጥም ብለው እንደሞቱ ተጽፏል። በዚያ ሳምንት አንድ የ20 ዓመት ወታደር ውኃ ከየት እንደጠጣ፣ ትእዛዝ ሲቋረጥ ጓዶቹ ምን እንደተነጋገሩ፣ ቁስለኛን ማን እንደተሸከመ ግን ጄኔራሎቹ ሊነግሩን አይችሉም፤ አላዩትምና።

አንድ ምክር ልስጥዎት። መጀመሪያ ሌላ ሰው የጻፈውን መጽሐፍ ሳያነቡ፣ በዓይንዎ ያዩትን ብቻ ይጻፉ። በኋላ የሰሙትን ወይም ያነበቡትን በሌላ ገጽ ያስቀምጡ፤ ሁለቱ ከተቀላቀሉ ምስክርነትዎ ዋጋውን ያጣል። ቀኑ ካልታወሰዎት «ከገና በኋላ»፣ «ጾም ሳይገባ» ብሎ መጻፍ ይበቃል። መጻፍ ከከበደዎ በድምፅ ይቅረጹት፤ በአማርኛ ይናገሩት፣ ልጆችዎ ሲፈልጉ ያስተረጉሙታል። ከሁሉ በፊት ግን በመቶዎ (በወታደራዊ ክፍልዎ) ውስጥ የነበሩትን ጓዶችዎን ስም፣ ቅጽል ስማቸውን ጭምር፣ ከየት አገር እንደመጡና በመጨረሻ የት እንዳዩአቸው ይዘርዝሩ። ዝርዝሩ ከሁለት ገጽ ባይበልጥም ታሪክዎን ከመጨረስዎ በፊት ለልጆችዎ ይስጧቸው፤ በዚህ አገር ያን ስም የሚጠብቅ ቤት ሊኖር ይችላል።