በሳይን ቴታ አታካፍዪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አንብቤ ሳልመልስልሽ መተኛት ከበደኝ። «2 ሳይን ቴታ ኮሳይን ቴታ = ሳይን ቴታ የሚለውን ከ0 ዲግሪ ጀምሮ 360 ሳይደርስ ባሉት ማዕዘኖች ውስጥ ፍቺ ተባልኩ፤ 60 እና 300 አገኘሁ፤ የመልስ ቁልፉ ግን አራት መልስ ይላል፤ ሁለቱ ከየት መጡ?» ብለሻል። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ሰዎች ቁልፉ ተሳስቶ ይሆናል ብለውሻል። ቁልፉ አልተሳሳተም። የሠራሽውን ስሕተት እኔም ሠርቼዋለሁ፤ የተመኘሁትን የትምህርት ክፍል አሳጥቶኛል።

ኮሳይን ምን እንደሆነ አላስረዳሽም። 300ን ያገኘ ሰው አራተኛውን ኳድራንት፣ ማለትም ከ270 እስከ 360 ያለውን የክብ ሩብ፣ ያውቃል። ችግርሽ ያለው አንድ መስመር ላይ ነው፤ ግራና ቀኙን በሳይን ቴታ አካፍለሽ 2 ኮሳይን ቴታ = 1 ብለሻል። ወረቀትሽን ባላየውም በዚህ እርግጠኛ ነኝ።

1. ዜሮ ሊሆን በሚችል ነገር አታካፍዪ። በሳይን ቴታ ስታካፍዪ «ሳይን ቴታ ዜሮ አይደለም» ብለሽ መማልሽ ነው። ማን ነገረሽ? 0 ዲግሪን በጥያቄው ውስጥ አስገቢና እዪ። በግራ 2 × 0 × 1፣ በቀኝ 0፤ እኩል ናቸው። 180ን አስገቢ። በግራ 2 × 0 × (−1)፣ በቀኝ 0፤ አሁንም እኩል ናቸው። የጠፉብሽ ሁለቱ እነዚህ ናቸው። ሳይን ዜሮ በሆነበት ማዕዘን ኮሳይኑ ምንም ይሁን ምን ሁለቱ ወገኖች ዜሮ ሆነው ይገናኛሉ፤ አንቺ ግን ገና ሳታያቸው አስወጥተሻቸዋል።

መንገዱ ይህ ነው። ሁሉንም ወደ አንድ ወገን አምጪ፤ 2 ሳይን ቴታ ኮሳይን ቴታ − ሳይን ቴታ = 0። የጋራቸውን ወደ ውጭ አውጪ፤ ሳይን ቴታ (2 ኮሳይን ቴታ − 1) = 0። የሁለት ነገሮች ብዜት ዜሮ የሚሆነው ቢያንስ አንዳቸው ዜሮ ሲሆኑ ነው። ሳይን ቴታ = 0 ሲሆን 0 እና 180፣ ኮሳይን ቴታ = 1/2 ሲሆን 60 እና 300። አራቱ ተሟሉ።

2. በቀኝ በኩል ዜሮ ሳይኖር ፋክተር አድርገሽ፣ ማለትም በብዜት መልክ ጽፈሽ፣ አትለያዪ። 2 ሳይን ካሬ ቴታ − ሳይን ቴታ = 1 ቢሰጥሽ፣ ሳይን ቴታ (2 ሳይን ቴታ − 1) = 1 ብለሽ እያንዳንዱን ከ1 ጋር ማስተካከል ትርጉም የለውም። ብዜታቸው 1 የሆኑ ቁጥሮች ማለቂያ የላቸውም፤ 2 እና 1/2፣ 5 እና 1/5 እያልሽ ብትቆጥሪ አይመሽልሽም። 1ን ወደ ግራ አምጪው፤ (2 ሳይን ቴታ + 1)(ሳይን ቴታ − 1) = 0 ይሆናል። ከመጀመሪያው 210 እና 330፣ ከሁለተኛው 90 ታገኛለሽ። የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ በዚህ ጥያቄ አንድ ሌሊት ሙሉ ሲታገል አይቻለሁ።

3. ስሕተትሽን ወረቀትሽ ላይ እስክታዪው ድረስ አትተዪው። ይህን የምልሽ 2009 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ በደረሰብኝ ነገር ነው። በአጋማሽ ፈተና ልክ እንዳንቺ ያለ ጥያቄ መጣ። አካፈልኩ፣ ሁለት መልስ ጻፍኩ፣ በልበ ሙሉነት ወጣሁ። ውጤቱ ሲለጠፍ ከጠበቅኩት በብዙ አንሶ አገኘሁት። የጻፍኳቸውን መልሶች መልሼ ባስገባ ትክክል ናቸው! ትክክለኛ መልስ ጽፌ ለምን ነጥብ ይቀነሳል ብዬ ፈተናው በድጋሚ እንዲታረምልኝ ለማመልከት ወደ ቢሮ ሄድኩ።

በመጀመሪያው ቀን ፎርም አልቋል፣ ነገ ተመለስ ተባልኩ። በማግስቱ የሚፈርመው ሰው ስብሰባ ላይ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሠራተኛው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ ሰልፉ ሁሉ እየሰማ «ነጥብ ያነሰው ሁሉ አራሚው ተሳሳተ ይላል» አለኝ። እኔ የጠየቅኩት ነጥብ እንዲጨመርልኝ ሳይሆን ወረቀቴን እንዲያሳዩኝ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ማመልከቻዬ ላይ «ለውጥ የለም» የሚል ሁለት ቃል ተጽፎበት ተመለሰልኝ። ወረቀቱን ማንም አላሳየኝም። ያን ጊዜ አንድ ሰው ሁለት ደቂቃ ሰጥቶ «0 እና 180 የት ሄዱ?» ቢለኝ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር።

ስላልነገሩኝ በማጠቃለያ ፈተናም ደገምኩት። ታንጀንት ካሬ ቴታ = ታንጀንት ቴታ የሚል ጥያቄ ነበር። በታንጀንት አካፍዬ 45 እና 225 ብዬ አለፍኩ። ታንጀንት ቴታ (ታንጀንት ቴታ − 1) = 0 ብዬ ብጽፈው ኖሮ 0 እና 180 በቀላሉ ይወጡ ነበር። የትምህርት ክፍል ድልድል የሚሠራው በአማካይ ውጤት ስለነበር ኤሌክትሪካል ምህንድስና በ0.04 አመለጠኝ። ይህን ቁጥር እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ስሕተቴን ያሳየችኝ በአንድ ዓመት የምትበልጠኝ ተማሪ ናት፤ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ምንም አላስተማረችኝም፤ የጥያቄውን የግራና የቀኝ ወገን ግራፎች በአንድ ገጽ ላይ ሳለችና «የተገናኙበትን ቁጠር» አለችኝ። አራት ነበሩ። ያን ዕለት የተሰማኝ ንዴትም ደስታም ነበር። አንቺም ሞክሪው። የጥያቄሽ ግራ ወገን ሳይን 2ቴታ ነው፤ እሱንና ሳይን ቴታን በአንድ ላይ ሳዪ። በ0፣ በ60፣ በ180 እና በ300 ሲቆራረጡ በዓይንሽ ታያለሽ።

ዛሬ ቀያሽ ነኝ፤ ማዕዘን እንጀራዬ ሆኗል። ማታ ማታ የሰፈር ልጆችን አስጠናለሁ፤ ከእነሱ መካከል በሳይን የሚያካፍል አንድም የለም፤ በዚህ እኮራለሁ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በምርጫ የሚሠራ ነውና እጅግ ተጠንቀቂ፤ «60 እና 300» የሚለው ጎዶሎ መልስ ከምርጫዎቹ አንዱ ሆኖ ሊጠብቅሽ ይችላል። ስታዪው ደስ ብሎሽ ታጠቁሪዋለሽ፤ ወደ ኋላም አትመለሺም።

ሁለት ነገር ልጨምርልሽ። ሳይንና ኮሳይን ተቀላቅለው ሲመጡና የጋራ ነገር ሲጠፋ፣ ካሬ የሆነውን ለውጪው። 2 ኮሳይን ካሬ ቴታ + 3 ሳይን ቴታ = 3 በሚለው ውስጥ በኮሳይን ካሬ ቦታ 1 − ሳይን ካሬ አስገቢ፤ ተስተካክሎ (2 ሳይን ቴታ − 1)(ሳይን ቴታ − 1) = 0 ይሆናል። መልሱ 30፣ 150 እና 90 ነው። ፋክተር አድርገሽ ኮሳይን ቴታ = 3 ዓይነት ነገር ከወጣ ደግሞ አትደንግጪ፤ ኮሳይን ከ1 አይበልጥም፣ ከ−1 አያንስም፤ ሰርዢውና ሌላውን ይዘሽ ቀጥዪ።

ሌላው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ መልስ ያልሆነ መልስ መስሎ ይገባል። ሳይን ቴታ + ኮሳይን ቴታ = 1 የሚለውን ግራና ቀኙን ካሬ ብታደርጊ 0፣ 90፣ 180 እና 270 ይወጡልሻል። በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ መልሰሽ ስታስገቢያቸው ግን 180 እና 270 የሚሰጡት −1 ነው፤ ይወድቃሉ። ካሬ ካደረግሽ ሁልጊዜ መልሰሽ ፈትኚ።

አሁን ይህን ሥሪልኝ፤ ኮሳይን ቴታ ታንጀንት ቴታ = ኮሳይን ቴታ፣ በዚያው ከ0 እስከ 360 ባለው ክልል። አታካፍዪ፤ ፋክተር አድርጊው። ከሚወጡልሽ አራት ማዕዘኖች ሁለቱ መጣል አለባቸው፤ ለምን እንደሚጣሉ ታንጀንት የት የት ላይ እንደማይኖር አስቢና ጻፊልኝ። መልስሽን እዚሁ ከታች አስቀምጪው፤ ከሥራ ስመለስ አየዋለሁ።