አያትን ከጎጃም ወደ ኮሎራዶ ተራሮች መጋበዝ፦ ጥያቄና መልስ

ልጆቻቸው በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት የሚኖሩ የጎጃም አያቶች ለጉብኝት ሲነሡ ቤተሰቡ ደጋግሞ ለሚያነሣቸው ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች ናቸው።

ጥያቄ፦ እናቴ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ የሚኖሩት ደብረ ማርቆስ ነው። ከፍታው አይጎዳቸውም?

መልስ፦ ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ዴንቨር 1,609 ሜትር ላይ ናት፤ ስለዚህ እናትዎ ወደ ዴንቨር የሚወርዱ እንጂ የሚወጡ አይደሉም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ቤታችሁ በስተ ምዕራብ ካሉት የተራራ ከተሞች በአንዱ ከሆነ ነው፤ ሌድቪል ለምሳሌ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት። በተለይ ከቆላ የሚመጣ ሰው ራስ ምታትና እንቅልፍ ማጣት ሊያስቸግረው ስለሚችል፣ ሁለት ሌሊት ዴንቨር አድሮ ቢወጣ መልካም ነው። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለባቸው ግን ሐኪማቸውን ሳያማክሩ አይነሡ። ከከፍታው ይልቅ የአየሩ ድርቀት ይበረታል፤ ከንፈር ይሰነጥቃል፣ አፍንጫም ያደማል፤ ውኃ ቶሎ ቶሎ ይጠጡ።

ጥያቄ፦ አባቴ ገበሬ ናቸው። በየትኛው ወር ቢመጡ ይሻላል?

መልስ፦ ዘመን መለወጫን አገር ቤት ውለው በመስከረም ቢነሡ እመርጣለሁ። የክረምቱ እርሻ አልፏል፤ የጤፍ አጨዳ ደግሞ ገና ነው። የኮሎራዶ ተራሮችም ልክ ጮቄ አደይ እንደሚለብስ ሁሉ በዚያው ወር በዛፍ ቅጠል ቢጫ ይለብሳሉ። ብርዱ ሳይጠና ኅዳር ላይ ለአጨዳው ይመለሳሉ።

ጥያቄ፦ በርበሬ፣ ሽሮና ቋንጣ መያዝ ይቻላል?

መልስ፦ ቋንጣ አይገባም። በርበሬና ሽሮ በአብዛኛው ያልፋሉ፤ ነገር ግን ምግብ መያዛቸውን ማሳወቅ ግዴታቸው ነው፤ የደበቀ ሰው ይቀጣል።

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛ አይችሉም፤ ብቻቸውን እንዴት ይደርሳሉ?

መልስ፦ ትኬቱ ሲቆረጥ የተሽከርካሪ ወንበር አገልግሎት አስመዝግቡላቸው፤ ክፍያ የለውም፣ ሠራተኛም ከበር እስከ በር ያደርሳቸዋል። መጀመሪያ በሚያርፉበት የአሜሪካ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣቸውን ተረክበው ለቀጣዩ በረራ እንደገና እንደሚያስረክቡ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። መድኃኒታቸው በእጅ ቦርሳ ይሁን። ቪዛው ላይ ያለው ቀን የመግቢያ ጊዜ ነው፤ የሚቆዩበትን ቀን የሚወስነው በመግቢያው በር ያለው መኮንን ስለሆነ ያንን አረጋግጡ።

ጥያቄ፦ ባለፈው የመጡት አማቴ ወር ሳይሞላቸው «አገሬ መልሱኝ» አሉ። ምን አጎደልን?

መልስ፦ ምግብና ልብስ አላጎደላችሁም፤ ያጡት ሰውና ሥራ ነው። ጎረቤት ጠርተው ቡና ሲያፈሉ የኖሩ እናት፣ ልጆቹ ሥራና ትምህርት ቤት ሲሄዱ፣ በተዘጋ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ይውላሉ፤ በታኅሣሥ ደግሞ ፀሐይ ዐሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ስለዚህ እንደ እንግዳ አታስቀምጧቸው። እንዝርታቸውን ይዘው ይምጡ፤ የልጅ ልጆቹን ፊደል ማስቆጠር የእሳቸው ድርሻ ይሁን። ቡናውንም እሳቸው ይቁሉ፤ ሲቆሉ ወይም ዕጣን ሲያጨሱ ጣሪያው ላይ ያለው የጭስ ማስጠንቀቂያ ስለሚጮህ ግን በመጀመሪያው ቀን ድምፁን አሰሟቸው፤ መስኮት መክፈቱንም አሳዩአቸው፤ ባትሪውን መንቀል ግን አደጋ ነው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን አድርሷቸው፤ በዴንቨርና በአውሮራ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አብያተ ክርስቲያናት አሉ። እኔ በበኩሌ ከሽርሽሩ ሁሉ ይህን አስቀድማለሁ፤ በዚያ «እንዴት አደሩ» የሚላቸው ሰው ያገኛሉ።

ጥያቄ፦ ቢታመሙስ?

መልስ፦ የሕክምናው ዋጋ እጅግ ከባድ ስለሆነ ከመነሣታቸው በፊት የጎብኚ የጤና መድን ግዙላቸው፤ የቆየ ሕመምን መሸፈን አለመሸፈኑን ውሉ ላይ አንብቡ። የድንገተኛ ጥሪ ቁጥሩን 911ን እና የቤቱን አድራሻ በትልቁ ጽፋችሁ ስልኩ አጠገብ ለጥፉ።

ጥያቄ፦ አገር ቤት መቼ ይደውሉ?

መልስ፦ ዴንቨር በአሜሪካኖቹ በጋ በዘጠኝ፣ በክረምታቸው በዐሥር ሰዓት ከኢትዮጵያ ወደ ኋላ ትቀራለች። በመስከረም ጎጃም ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሲል በዚያ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ስለሆነ፣ በሁለቱም ወገን ሰው ነቅቶ ይገኛል።