ተርሚናሉ የሚያውቀውን ሞጁል ኤዲተሩ ለምን አያውቀውም?

ጥያቄ፦ ሰብላይም ቴክስት 4 በተባለው የኮድ መጻፊያ ኤዲተር የሚሠራ አንድ አነስተኛ ፕለጊን (ተጨማሪ ፕሮግራም) በፓይተን ቋንቋ ጽፌ በፓኬጆች ፎልደር ውስጥ በከፈትሁለት የራሱ ፎልደር አስቀምጫለሁ። ሪኩዌስትስ የተባለውን ሞጁል (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) የፓይተን ሞጁሎችን በሚጭነው በፒፕ ጭኜ፣ ትእዛዝ በሚጻፍበት በተርሚናል ስሞክረው ያለ ችግር ይሠራል፤ ኤዲተሩ ፕለጊኑን ሲያስነሣ ግን «ኢምፖርት ኤረር፦ ኖ ሞጁል ኔምድ ሪኩዌስትስ» (ሪኩዌስትስ የሚባል ሞጁል የለም) የሚል መልእክት ይወጣል። ሞጁሉን አጥፍቼ ደግሜ ጭኜዋለሁ፤ ለውጥ የለም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሞጁሉ በትክክል ተጭኗል፤ የተጫነው ግን ፕለጊንዎን ለማያስኬደው ፓይተን ነው። ሰብላይም ቴክስት በኮምፒውተርዎ ላይ የጫኑትን ፓይተን አይጠቀምም፤ የራሱን ይዞ ይመጣል፤ ያም ፓይተን ፒፕ ሞጁሎችን የሚያስቀምጥበትን ፎልደር አያይም። ስለዚህ በተርሚናል በኩል የቱንም ያህል ቢያጠፉና ቢጭኑ በኤዲተሩ ዘንድ የሚለወጥ ነገር አይኖርም።

የላኩልን መልእክት ብዙዎች ሳያስተውሉት የሚያልፉትን አንድ ፍንጭ ይዟል። ከፓይተን 3.6 ጀምሮ ሞጁል ሲጠፋ የሚወጣው ስሕተት «ሞጁል ኖት ፋውንድ ኤረር» ይባላል፤ ከዚያ በፊት በነበሩት እትሞች ግን በጥቅሉ «ኢምፖርት ኤረር» ነበር። የእርስዎ መልእክት በቀድሞው ስም የወጣ በመሆኑ ፕለጊኑን የሚያስኬደው ፓይተን ከ3.6 ያነሰ ነው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ሰብላይም ቴክስት 4 ፓይተን 3.3ንና 3.8ን ጎን ለጎን ይዞ የመጣ ሲሆን፣ የትኛውን እንደሚፈልግ ያላሳወቀ ፕለጊን በ3.3 ይሠራል።

ይህንን በዓይንዎ ለማረጋገጥ፣ ስሕተቱን ከሚያስነሣው የኢምፖርት (ሞጁል የማስገቢያ) መስመር በላይ ሲስ የተባለውን ሞጁል አስገብተው ቨርዥንና ፓዝ የተባሉትን ሁለት እሴቶቹን በፕሪንት ያሳትሙ፤ ውጤቱን ከቪው ሜኑ ኮንሶሉን (የኤዲተሩን የመልእክትና የትእዛዝ ሰሌዳ) ከፍተው ያነቡታል። ትእዛዙን ኮንሶሉ ላይ በቀጥታ ሳይሆን በፕለጊኑ ፋይል ውስጥ እንዲጽፉት አጥብቄ እመክራለሁ፤ ኮንሶሉ የሚሠራበት ፓይተን ፕለጊኑ ከሚሠራበት ሊለይ ስለሚችል የሚሰጥዎ መልስ የሌላው ፓይተን ሊሆን ይችላል። ፓዝ የሚያሳየው ዝርዝር ፓይተኑ ሞጁል የሚፈልግባቸውን ፎልደሮች በቅደም ተከተል ነው፤ ሪኩዌስትስ ከእነዚህ በአንዱ ውስጥ ከሌለ አይገኝም።

መፍትሔው ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ በፕለጊንዎ ፎልደር ውስጥ ስሙ በነጥብ የሚጀምር፣ ቀጥሎም ፓይተን፣ ሰረዝ፣ ቨርዥን ተብሎ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ፣ ቅጥያ የሌለው ፋይል ፈጥረው በውስጡ 3.8 ብቻ ይጻፉና ኤዲተሩን ዘግተው ይክፈቱት። አሁንም ስሕተት ቢወጣ በአዲሱ ስም የሚወጣ በመሆኑ ትክክለኛው ፓይተን ላይ መድረስዎን ያውቁበታል። ከዚያ ሞጁሉን፣ በታተመው ዝርዝር ውስጥ በሊብ ሥር ለፓይተን 3.8 ተለይቶ ወደተቀመጠው ፎልደር ይጫኑት። ለዚህም የሚጫንበትን ፎልደር የሚወስነውን የፒፕን ታርጌት አማራጭ ይጠቀሙ፤ ተርሚናሉ ላይ ያለው ፓይተን አዲስ ከሆነ ፒፕ ለራሱ እትም የሚስማማውን እንዳያወርድ ፓይተን ቨርዥን በሚለው አማራጭ 3.8ን ይጥቀሱለት፤ ከእርሱ ጋርም ኦንሊ ባይነሪ የሚለው አማራጭ መጨመር አለበት።

አንዳንዶች በአቋራጭ የተርሚናሉን ፓይተን የሞጁሎች ፎልደር በፓዝ ዝርዝር ላይ ይጨምራሉ። እኔ አልመክረውም። እንደ ነምፓይ ያሉ በከፊል በሲ ቋንቋ ተጽፈው የተጠናቀሩ ሞጁሎች ለአንድ የተወሰነ የፓይተን እትም የተዘጋጁ በመሆናቸው ፎልደሩ ቢገኝም አይሠሩም፤ ከዚህ የሚከፋው ደግሞ በ3.8 የሚሠሩ ፕለጊኖች ሁሉ አንድ ፓይተን ስለሚጋሩ፣ የእርስዎ ጭማሪ ምንም ያላጠፉትን ሌሎች ፕለጊኖች ሊያውክ መቻሉ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ የምጠቀመው ቪም የተባለውን ኤዲተር ነው። ከስክሪፕቴ አጠገብ ያስቀመጥሁት የራሴ የፓይተን ፋይል አይገኝም፤ በሌላ መንገድ ሲገኝልኝም ያደረግሁበት ማሻሻያ አይታይም።

መልስ፦ አንድ ስክሪፕት በተርሚናል ሲሠራ ፓይተን ስክሪፕቱ ያለበትን ፎልደር በፓዝ ዝርዝር መጀመሪያ ላይ ራሱ ያስገባል፤ በኤዲተር ውስጥ ሲሠራ ግን ይህንን ማድረጉን አይተማመኑበት። ቪም የራሱን ፋይሎች በሚፈልግባቸው የራንታይም ፓዝ ፎልደሮቹ ሥር ፓይተን 3 የሚል ስም በእንግሊዝኛ ፊደልና ያለ ክፍተት የተሰጠውን ፎልደር ለሞጁሎች ስለሚፈትሽ ፋይልዎን እዚያ ያኑሩት። ማሻሻያው የማይታየው ፓይተን አንድ ጊዜ ያስገባውን ሞጁል በትውስታ ስለሚይዝና ኢምፖርት ቢደገምም ፋይሉን እንደገና ስለማያነብ ነው፤ ኢምፖርትሊብ በተባለው የፓይተን ሞጁል ሪሎድ ያድርጉት (እንደገና እንዲነበብ ያድርጉ)፣ አለዚያም ቪምን ዘግተው ይክፈቱት።