«ሥራ አልነበራትም» ማለት ይቻላል?

ጥያቄ፦ የቤተሰባችንን ታሪክ እየጻፍኩ ነው። አያቴ ዕድሜዋን በሙሉ ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ አትክልት ትሸጥ ነበር። እናቴ ፋብሪካ ተቀጥራ፣ ስትወልድ ለቅቃ፣ በኋላ ተመልሳለች፤ እኔ የወሊድ ፈቃድ ላይ ነኝ። አጎቴ ስለ አያቴ «ሥራ አልነበራትም» ብለሽ ጻፊ ይለኛል። ለየሦስታችን የሚስማማው አነጋገር የትኛው ነው?

መልስ፦ የአጎትዎን አነጋገር አይቀበሉ። ዛሬ በከተማ «ሥራ ያዘች» ሲባል መቀጠር ብቻ የሚታሰበን ደመወዝን ከሥራ ጋር አንድ ስላደረግነው ነው እንጂ፣ «ሠራ» የሚለው ግሥ ቀጣሪ አይጠይቅም፤ ወጥም፣ ቤትም፣ እርሻም ይሠራል።

ለአያትዎ የሚስማማው «ስትነግድ ኖረች» የሚለው ነው። «ኖረ» በረዳት ግሥነት ሲገባ ድርጊቱ ዕድሜን ይዞ መዝለቁን ያሳያል፤ የቅጥር ቀንም ሆነ የስንብት ደብዳቤ የሌለውን፣ ልጅ አዝለው ቤትም እያስተዳደሩ የሚሠሩትን ንግድ ከዚህ በተሻለ የሚገልጽ ግሥ አላውቅም። ስትደክም ያለውን ጊዜ ሲጽፉ ግን «ጡረታ ወጣች» ሳይሆን «ገበያ መውጣት ተወች» ይበሉ፤ ጡረታ የሚያስወጣት ቀጣሪ አልነበራትምና።

የእናትዎ የሥራ ዘመን በመካከሉ ስለተቋረጠ «ኖረች» አይመቸውም። «ፋብሪካ ስትሠራ ቆይታ በወሊድ ምክንያት ለቀቀች፤ ልጆቿ ሲያድጉ ተመልሳ ገባች» ቢሉ፣ «ቆየ» የመጀመሪያው ጊዜ ማብቂያ እንደነበረው ይነግራል። በመካከል ያሉትን ዓመታት «ሥራ ፈትታ» ብሎ መጻፍ ይከብደኛል፤ «ሥራ ፈት» በአማርኛችን ነቀፌታ ያዘለ ነው፤ «ሥራ አጥ» ደግሞ ፈልጎ ያጣ ነው። እናትዎ ከሁለቱም አይደሉም፤ «ቤት ውላ ልጆቿን አሳደገች» የሚለው ይበቃል።

ስለ ራስዎ «ሥራ አቆምኩ» አይበሉ። ፈቃዱ የሥራ ውሉን አያቋርጥምና «ሠራተኛ ነኝ፤ የወሊድ ፈቃድ ላይ ነኝ» ማለቱ ትክክል ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ሕግ የሚተዳደሩ ከሆነ፣ በአዋጅ ቁጥር 377/1996 ከወሊድ በኋላ 60 ቀን የነበረው የደመወዝ ፈቃድ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 90 ቀን ሆኗል፤ ከወሊድ በፊት ያለው 30 ቀን አልተለወጠም። እናትዎ በለቀቁበት ምክንያት እርስዎ ሳይለቁ መቆየትዎን ታሪኩ ላይ በግልጽ ይጻፉት።

«ባለሙያ» የሚለውንም ይጠንቀቁበት። በአያትዎ ዘመን «ባለሙያ ሴት» ማለት ወጥ አሳምራ የምትሠራ፣ ስፌት የምታውቅ ነበረች፤ ዛሬ ግን በትምህርት ወይም በልምድ በአንድ የሥራ መስክ የሠለጠነች ተብሎ ይነበባል። ስለ አያትዎ ሲጽፉት «በወጥ» ወይም «በስፌት» ብለው ሙያውን ይጥቀሱ።