የወር ክፍያውን አቁመን ነፃ ቻናል ብናይ ያስጠይቀናል ወይ? ለጅማው ጠያቂ

ጥያቄው ከጅማ ነው የመጣው፣ አሳጥሬ ላስቀምጠው። "እናቴ ሂርማታ አካባቢ ብቻዋን ነው የምትኖረው። የወር ክፍያ ያለው ዲሽ ነበራት፣ ዋጋው ሲጨምርባት ደውላ አልፈልግም ብላ አቆመች። ከዛ የሰፈር ዲሽ ሠሪ ዲሹን ወደ ኢትዮሳት አዞረላት፣ አሁን ኢቢሲም ኦቢኤንም ፋናም በነፃ ታያለች። ሰሞኑን ግን የድርጅቱ ወኪል ነኝ ያለ ሰው መጥቶ ዲሹ የኛ ነው፣ በኛ ዲሽ ነፃ ቻናል ማየት ክልክል ነው፣ የሦስት ወር ዕዳም አለብሽ፣ ካልከፈልሽ በፖሊስ ነው የምንነጋገረው ብሏት ሄደ። ከዛ ቀን ጀምሮ ቲቪውን ለመክፈት ራሱ ፈርታለች። ዲሽ ሠሪው ደግሞ ኳሱንም ፊልሙንም በሰርቨር ልክፈትላችሁ ይላል። አጎቴም ቡና ቤት አለው፣ ነፃውን ቻናል ለደንበኛ ቢያሳይስ? ምን ትመክረናለህ?"

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ለእናትህ ደውልና ቲቪያቸውን ይክፈቱ በላቸው። ነፃ ቻናል የሚባለው ጣቢያው ራሱ ሳይቆልፍ የሚለቀው ሥርጭት ነው፣ ሰው እንዲያየው ብሎ ነው የሚለቀው፣ ማስታወቂያ የሚሸጠውም ተመልካች ስላለው ነው። የመገናኛ ብዙኃን አዋጁ ቁጥር 1238/2013 ፈቃድ አውጣ የሚለው አሰራጩን ነው፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚያየውን ሰው አይደለም። እናትህ ያቋረጡት ከአንድ ድርጅት ጋር የነበራቸውን ውል ነው፣ ያ ድርጅት ደግሞ የኢቢሲ ወይም የኦቢኤን ሥርጭት ባለቤት ስላልሆነ እሱን አትዩ የማለት ሥልጣን ከየትም አያመጣም።

ዲሹ የኛ ነው የሚለው ግን ተለይቶ መታየት አለበት፣ እዚህ ላይ ወረቀት ነው የሚናገረው። መጀመሪያ ሲገጠም የተሰጠውን ደረሰኝ ፈልጉት፣ ብዙ ጊዜ ከሬሲቨሩ ካርቶን ውስጥ ወይ ከመብራት ቢል ጋር ተጣጥፎ ይገኛል። ደረሰኙ ላይ የዲሽ፣ የኤልኤንቢ (ዲሹ ፊት ለፊት ያለችው ሲግናል ተቀባይ)፣ የኬብልና የሬሲቨር ዋጋ ለየብቻው ተጽፎ ሽያጭ የሚል ከሆነ ዕቃው የእናትህ ነው፣ ወደ ምሥራቅ ያዙሩት ወደ ምዕራብ ማንንም አያገባውም። ኪራይ፣ ውሰት ወይም ማስያዣ የሚል ቃል ካለ ግን ዕቃው የድርጅቱ ሊሆን ይችላል። ሬሲቨሩንም ገልብጣችሁ ከታች ያለውን ስቲከር አንብቡት፣ ሬሲቨሩ ውስጥ የሚገባው ስማርት ካርድ ላይም የድርጅቱ ንብረት ነው የሚል ጽሑፍ ሊኖር ይችላል፣ ሬሲቨሩን የገዛ ሰው እንኳ ካርዱ የሱ የማይሆንበት ጊዜ አለ። ወረቀት ጭራሽ ከጠፋስ? የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1193 ተንቀሳቃሽ ዕቃን በእጁ ያደረገ ሰው ባለቤቱ እንደሆነ ይገመታል ነው የሚለው፣ ስለዚህ "አይደለም፣ የኔ ነው" የሚለው ወገን ማስረጃውን ይዞ ይምጣ።

እንበልና ዕቃው በውሰት የተሰጠ ሆኖ ተገኘ። ያኔም ድርጅቱ የሚጠይቀው ዕቃዬን መልሱልኝ ብሎ ነው፣ ጉዳት ካለ ካሳ ሊጨምር ይችላል፣ ነፃ ቻናል በማየታቸው ግን የሚጠየቁበት ነገር የለም። የማስያዣ ገንዘብ ከፍለው ከሆነ እሳቸውም ገንዘቤን ይላሉ። አንድ ነገር ግን አደራ፣ የኛ ይሁን የድርጅቱ ሳታጣሩ አሮጌውን ሬሲቨር ለማንም እንዳትሸጡ፣ በአደራ የተሰጠን የሰው ዕቃ መሸጥ በወንጀል ሕጉ ቁጥር 675 እምነት ማጉደል ሊሆን ስለሚችል ከፖሊስ ጋር የሚያገናኘው እሱ ነው እንጂ ዲሽ ማዞር አይደለም።

ወደ ዕዳው ልምጣ። እንዲህ ያለ አገልግሎት አብዛኛውን ጊዜ ቀድመህ የምትከፍለው ነው፣ ወሩ ሲያልቅ ካልከፈልክ ይዘጋል፣ አለቀ። ሦስት ወር ተዘግቶ የቆየን ነገር ሦስት ወር ክፈሉ ማለት ምን ማለት ነው? የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1757 አንተ ግዴታህን ሳትፈጽም ወይም ለመፈጸም ዝግጁ ሳትሆን ሌላውን ፈጽም ማለት አትችልም ይላል፣ ቁጥር 2001 ደግሞ ግዴታ አለብህ የሚል ሰው ግዴታው መኖሩን ራሱ ያስረዳ ይላል። በቴሌብር ወይም በባንክ የከፈሉበት የመጨረሻው መልእክት ስልካቸው ላይ ካለ እንዳይጠፋ ፎቶ አንሱት፣ እስከ መቼ እንደከፈሉ የሚያሳየው እሱ ነው። ነገር ግን ውሉ ለአንድ ዓመት ታስሮ ቀድሞ ያቋረጠ ይህን ያህል ይቀጣል የሚል ከሆነ ነገሩ ይለያል፣ ሕጋዊ ውል ለተዋዋዮቹ ሕግ ነው፣ ቁጥር 1731 የሚለው ይሄንኑ ነው፣ ስለዚህ ውሉን ሳላነብ ምንም አትከፍሉም ብዬ አልምልልህም።

የስልኩ ነገር ነው የሚያሳስበኝ፣ በስልክ አቋርጫለሁ ማለት ይቻላል ግን በኋላ ማን ይመሰክራል? አሁንም አልረፈደም፣ አንድ ገጽ ጻፉ፦ "አገልግሎቱን ከ(የደወሉበት ቀን ይጻፍ) ጀምሮ ማቋረጤን በስልክ አሳውቄ ነበር፣ አሁንም በጽሑፍ አረጋግጣለሁ፣ እጄ ላይ የድርጅቱ ንብረት አለ የምትሉ ከሆነ ማስረጃችሁን ይዛችሁ በ15 ቀን ውስጥ በፊርማ ተረከቡ፣ ዕዳ አለ የምትሉ ከሆነም ሒሳቡን በዝርዝር ላኩልኝ።" በሁለት ኮፒ አድርጋችሁ ቢሮው ወስዳችሁ አንዱ ላይ ደርሶኛል አስብላችሁ ቀን፣ ፊርማና ማኅተም አስደርጉ። አልቀበልም ካሉ በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ይላክ።

ብቻቸውን የሚኖሩ እናትን ደጃቸው ድረስ ሄዶ በፖሊስ ማስፈራራት በጣም ነው ያናደደኝ። የውል ዕዳ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው፣ አለኝ የሚል ፍርድ ቤት ይክሰስ። ወኪል ነኝ ያለው ሰው ደግሞ ሲመጣ መታወቂያውንና የውክልና ደብዳቤውን ይጠይቁት፣ ጎረቤት ይጥሩ፣ ጥሬ ብር በእጁ እንዳይሰጡት፣ ያለ ፈቃዳቸው ቤት ገብቶ ዕቃ ሊነቅል ቢሞክር ፖሊስ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው፣ የሰው መኖሪያ ቤት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የተጠበቀ ነው። ድርጅቱ ራሱ ከሆነ የሚያስቸግረው የከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ በሸማቾች ጥበቃ አዋጁ ቁጥር 813/2006 አቤቱታ ማቅረብ ትችላላችሁ። ክስ ላይ ከተደረሰ ደግሞ የኦሮሚያ ፍርድ ቤት የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ መልሱም በሱ ነው የሚጻፈው፣ መጥሪያ ከመጣ ቀኑን እንዳታሳልፉ።

የሰርቨሩን ነገር ግን ተዉት። አንድ ሰው የከፈለበትን ካርድ ቁልፍ በኢንተርኔት ለብዙ ሬሲቨር ማከፋፈል ነው ሥራው፣ የተቆለፈን ሥርጭት ያለ ባለቤቱ ፈቃድ መክፈት ማለት ነው፣ ይሄ ከቅጂ መብት አዋጁ ቁጥር 410/1996 ጋር ያጋጫል፣ እስራት ያለበት ሕግ ነው። የዓመት ብር ተቀብሎ በወሩ ቢጠፋስ ለማን አቤት ትላላችሁ? እስካሁን እናትህ ንጹሕ ናቸው፣ በኳስ ምክንያት ለዛ ወኪል እውነተኛ የክስ ምክንያት እንዳትሰጡት።

አጎትህን በተመለከተ፣ ቤት ውስጥ ማየትና ንግድ ቤት ላይ ለሕዝብ ማሳየት አንድ አይደለም፣ ያው የቅጂ መብት አዋጅ ለአሰራጮችም ለሙዚቃና ለፊልም ባለመብቶችም የራሳቸውን መብት ይሰጣል። ነፃ ቻናል ከፍቶ ዜና ማሳየት ብዙም የሚያሰጋ አይመስለኝም፣ መግቢያ ካስከፈለ ግን ሌላ ነው፣ በቤት ፓኬጅ የተገዛ ካርድ ቡና ቤት ውስጥ መጠቀምም ውል መጣስ ነው፣ ለንግድ ቤት የሚሸጠው ለብቻው ነው።

ደግሞ የጅማ ዝናብ ሲጠነክር ሥዕሉ ይሰባበራል፣ ይቆማል፣ ያን ጊዜ ድርጅቱ ዘጋብኝ ብለው እንዳይደነግጡ ንገራቸው፣ ነፃውን ቻናል እሱ መዝጋት አይችልም፣ ሲያባራ ይመለሳል። ደረሰኙን ወይም ውሉን ካገኛችሁት ሁሉንም ገጽ፣ ከጀርባ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ጨምሮ፣ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ ስለ ዓመት ውል ወይም ስለ ኪራይ የሚል ነገር ካለበት ደብዳቤውን አብረን እናስተካክለዋለን።