የት ደረሳችሁ? የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያነሱት አንድ ጉዳይ ነው፦ ገና በእጅ ያለን፣ ያላለቀ መጽሐፍ ለመጽሐፍ ወዳጅ እንዴት ማካፈል ይቻላል?

ጥያቄ፦ አምስት ጓደኛሞች ቅዳሜ ቅዳሜ ካፌ ተቀምጠን የምናነበውን እናወራለን። የእኔ ተራ ሲደርስ ወይ ታሪኩን ከሀ ጀምሬ ዘርዝሬ አሰለቻቸዋለሁ፣ ወይ ደግሞ «አሪፍ ነው፣ አንብቡት» ብዬ እዘጋዋለሁ። መሀል መንገድ የለውም? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ አለው። የሚያስቸግርዎት ያላለቀውን መጽሐፍ እንዳለቀ አድርገው ለማውራት መሞከርዎ ይመስለናል። ግማሽ ላይ ሆኖ ሂስ መስጠት ምስክር ሳይሰሙ መፍረድ ነው። ግማሽ ላይ ያለ ሰው ሌላ ሀብት አለው፤ የት እንደ ደረሰ፣ እዚያ ምን እንደያዘው፣ ከዚህ በኋላ ምን እንደሚጠብቅ ያውቃል። መጽሐፉን የጨረሰ ሰው ይህን ሦስተኛውን ከእንግዲህ አያገኘውም።

በመጀመሪያ ርዕሱን፣ ደራሲውንና ዓይነቱን በአንድ ትንፋሽ ይናገሩ። ቀጥሎ የት እንዳሉ ይግለጹ። እዚህ ላይ «ገጽ 87» ከማለት «ምዕራፍ 4» ማለት ይሻላል። በድጋሚ ሲታተም የፊደሉ መጠንና የወረቀቱ ስፋት ስለሚቀየር የእርስዎ ገጽ 87 ጓደኛዎ በያዘው ዕትም 102 ሊሆን ይችላል። ከታሪኩ ማን፣ የት፣ ምን ፈልጎ የሚለውን ብቻ በሦስት ዓረፍተ ነገር ይንገሩ፤ ከመጽሐፉ የመጀመሪያ ሩብ በላይም አይለፉ። መጽሐፉ 300 ገጽ ከሆነ 75ኛው ገጽ አካባቢ ያቁሙ ማለት ነው። አድማጭን የሚያደክመው የታሪኩ ርዝመት ብቻ አይደለም፤ የስም ብዛትም ነው። ከሦስት ሰው በላይ በስም አይጥሩ። ሌላውን «አማቷ»፣ «ጭቃ ሹሙ»፣ «አከራዩ» እያሉ ይለፉት።

ከዚያ ጊዜዎን ሁሉ ለአንድ ትዕይንት ይስጡት። ከቻሉ ከመጽሐፉ ያንብቡላቸው፤ ግማሽ ገጽ ይበቃል፣ ሁለት ደቂቃም አይፈጅም። ከቤት ሳይወጡ ግን ጮክ ብለው አንድ ጊዜ ይለማመዱት፤ ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይምና። «ይበላል» የሚለው ቃል ሰውዬው በላተኛ ይሁን ተበይ የሚለየው በድምፅ ብቻ ነው፤ «አለ»ም ተናገረ ነው ወይስ ይገኛል? ለዓይን ግልጽ የነበረ ዓረፍተ ነገር አፍ ላይ ሲደርስ የሚሰናከለው በዚህ ምክንያት ነው። በመጨረሻ መጽሐፉ ለማን እንደማይሆን ይናገሩ። «ረጅም የአገር ገለጻ የማይወድ ሰው ይተወው» የሚል አንድ ሐረግ ከአሥር «ግሩም ነው» ይበልጣል። ሁሉም በ5 ደቂቃ ያልቃል።

መጽሐፉ ልብ ወለድ ካልሆነ ትዕይንቱን በክርክሩ ይተኩት፤ ደራሲው ምን ይላል፣ ማስረጃው ሰነድ ነው፣ ቃለ መጠይቅ ነው፣ ወይስ የራሱ ትዝታ? ሦስተኛው ከሆነ ይህንኑ ሳይሸሽጉ ይንገሯቸው።

ጥያቄ፦ «አሁን የማነበው» የሚል የቴሌግራም ግሩፕ አለን። ስለ አንድ ደራሲ የተጻፈውን ስፈልግ ግማሹ አይገኝም። ደግሞም መጨረሻውን ስፖይል የሚያደርጉ አሉ። (ከፒያሳ)

መልስ፦ የማይገኘው ጠፍቶ አይደለም፤ በሌላ ፊደል ተጽፎ ነው። አንዱ «መጽሐፍ»፣ ሌላው «መፅሐፍ»፣ ሦስተኛው «መፅሀፍ» ይላል። «ሐዲስ»፣ «ሀዲስ» እና «ሃዲስ»ም እንዲሁ፤ ለጆሮ አንድ ናቸው፣ ለስልኩ ግን ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ማን ትክክል እንደሆነ መከራከር ማለቂያ የለውም (ተሞክሯል!)። ደንባችሁ አንድ ይሁን፦ ስም በመጽሐፉ ሽፋን ላይ እንደተጻፈው ይገለበጣል። ሽፋኑና የውስጡ የርዕስ ገጽ ካልተስማሙ የውስጡን ውሰዱ። ከላይ በሃሽታግ ይጻፍ። ሃሽታግ ክፍት ቦታ ላይ ስለሚቆረጥ ሁለቱን ቃላት በስር ሰረዝ አያይዙ፦ #ሐዲስ_አለማየሁ። እስካሁን የተጠቀማችሁባቸውን ሃሽታጎች በአንድ መልእክት ዘርዝራችሁ ፒን አድርጉት፤ አዲስ ጸሐፊ ከዚያ ይቀዳል።

ዓመተ ምሕረትም ያምታታል። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ከውጭ ድረ ገጽ ገልብጦ «1966» ብሎ «እ.ኤ.አ.» የሚለውን የረሳ ሰው መጽሐፉን አብዮቱ በፈነዳበት ዓመት ላይ ያስቀምጠዋል። የባላባቱን ሥርዓት እንዲያ የገለጠ ልብ ወለድ ከአብዮቱ 8 ዓመት ቀድሞ ወጣ ማለትና በዚያው ዓመት ወጣ ማለት ሰማይና ምድር ናቸው። የመጀመሪያውን ዕትም ዓመት ለማጣራት ሽፋኑ አይበቃም፤ ከርዕሱ ገጽ ጀርባ ያለውን የዕትም ዝርዝር ያንብቡ። እሱም ከሌለ በአገር ውስጥ የሚታተሙ መጻሕፍት ወደሚቀመጡበት ወደ ወመዘክር ጎራ ብሎ ማመሳከር ይቻላል።

ስፖይልን በተመለከተ ቴሌግራም የራሱ መሸፈኛ አለው። ጽሑፉን ሲመርጡ ከሚወጣው የፊደል ቅርጽ ዝርዝር ውስጥ ስፖይለር የሚለውን ይጫኑ፤ አንባቢው ካልነካው አይገለጥም። የሚረሳው ነገር፣ ከተሸፈነው በላይ «እስከ ምዕራፍ 6» ብሎ መጻፍ ነው። ያለዚያ ማን ይክፈት፣ ማን ይለፍ አይታወቅም። ርዕሱ ራሱ መቃብርን የሚጠራ መጽሐፍ ላይ ግን ሰው ባለቀሰ ቁጥር ባትቆጡ ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ የማነበውን መጽሐፍ ፒዲኤፍ ለግሩፑ ብልክ ምን ችግር አለው? ሁሉም ሰው መግዛት አይችልም። (ከካዛንቺስ)

መልስ፦ ችግር አለው። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት ዘመኑ ሁሉና ካረፈ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ከላይ የጠቀስናቸው ክቡር ሐዲስ አለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ስለሆነ መጽሐፋቸው የቆየ ቢሆንም ነፃ አይደለም። በአንጻሩ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመ ነው፤ ደራሲው ካረፉም ከ70 ዓመት በላይ አልፏል፤ ስለዚህ ጊዜው አብቅቷል። እሱም ቢሆን አዲስ ዕትም ላይ የተጨመረ መግቢያና ማብራሪያ የጻፈው ሰው መብት ነው፤ እሱን ስካን አድርገው አይላኩ።

የደራሲውንና የመጽሐፉን ስም ጠቅሶ አጭር ጥቅስ ማስቀመጥ ይቻላል። በስልክ ሲያነሱት ከመስኮት አጠገብ፣ ስልኩን ከገጹ ትክክል በላይ ይዘው ያንሱ፤ አዘንብሎ ማንሳት የዳር መስመሮችን ያጣምማል። መግዛት ለማይችል ሰው ግን ያሉት አማራጮች መዋጮና መዋዋስ ናቸው። አምስት ሰው አዋጥቶ አንድ ቅጂ ቢገዛ፣ እያንዳንዱ ለ10 ቀን ቢይዘው፣ በ50 ቀን ሁሉም አንብቦታል። ቀኑን የምታሰሉት ግን በዝግተኛው አንባቢ ነው፤ በፈጣኑ ካሰላችሁ ከሁለተኛው ዙር አታልፉም።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ የሚያነበውን እኔም ላንብብ ብዬ ለገሃር አካባቢ ከመንገድ ዳር አንድ ያገለገለ መጽሐፍ ገዛሁ። ከገጽ 96 ወደ 113 ይዘላል። የተቀደደ ነገር አይታይም። (ከሜክሲኮ)

መልስ፦ አልተቀደደም። የጎደለዎት ከ97 እስከ 112 ነው፤ ቢቆጥሩት ልክ 16 ገጽ ይመጣል። መጽሐፍ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው 16 ገጽ የታተመበት ትልቅ ወረቀት እየታጠፈና እየተደረደረ ነው። በድርደራው ላይ አንዱ እጥፋት ተዘሎብዎታል ማለት ነው። መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ያገላብጡት፤ ያ ክፍል ያለቦታው ገብቶ ሊሆን ይችላል። ከሌለ ከጓደኛዎ ቅጂ ላይ ያንን ክፍል ብቻ ያንብቡ፤ ዕትሙ ከተለያየ ግን የገጹን ቁጥር ትተው 96 ላይ ያለውን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ይፈልጉ።

ወደፊት ሲገዙ ሁሉንም ገጽ መቁጠር አያስፈልግም። 16 እና 17፣ 32 እና 33፣ 48 እና 49 እያሉ በ16 ብዜት መገጣጠሚያዎቹን ይዩ፤ የመግቢያው ገጽ ለብቻው ከተቆጠረ መገጣጠሚያው ጥቂት ይገፋል። በዚያው ጀርባውን ይፈትሹት። በሙጫ ብቻ የተጠረዘና የቆየ ከሆነ፣ መሀሉን ሲከፍቱት «ቀጭ» የሚል ድምፅ ካሰማ ሙጫው ደርቋል፤ ሙሉ በሙሉ ዘርግተው ካነበቡት ቅጠል በቅጠል ይለቃል።

ጥያቄ፦ ያዋስኩት መጽሐፍ በክረምት ዝናብ ርሶ ተመለሰልኝ። (ከአምባሳደር)

መልስ፦ ፀሐይ ላይ አያስጡት፤ ይጣመማል። በየ10 ቅጠሉ ሶፍት ወይም ቀለሙ የማይለቅ ነጭ ወረቀት ያስገቡ፣ ሲርስ ይቀይሩት፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ላይ ያቁሙት። ሁለት ቀን ሳይሞላው መድረቅ ካልጀመረ ይሻግታል። ሊደርቅ ሲል አስተኝተው ከባድ ነገር ይጫኑበት።

ጥያቄ፦ አራት መጽሐፍ ጀምሬ አንዱንም አልጨረስኩም። «ምን እያነበብክ ነው?» ሲሉኝ የቱን ልበል? (ከስድስት ኪሎ)

መልስ፦ ባለፉት ሁለት ሳምንታት የከፈትከውን። ሌሎቹ መደርደሪያህ ላይ ያሉ መጻሕፍት ናቸው።