ጥያቄና መልስ፦ አሊ፣ ታይሰን እና «በቃ» የሚል ሰው

ባለፈው ስለ ቦክሰኛው መሐመድ አሊ ጥቂት ብጽፍ ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት ጥያቄ ጎረፈልኝ። ሁሉንም ማንሳት አይቻልም፤ የተወሰኑትን እነሆ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከአንኮበር፦ ከባድ ሚዛን የሚባለው ስንት ኪሎ ነው?

ዛሬ በፕሮፌሽናል ቦክስ ከ90.7 ኪሎ በላይ ነው። በአሊ ዘመን ግን ከ79 ኪሎ ትንሽ ካለፍክ ከባድ ሚዛን ነህ።

ከደብረ ብርሃን፦ አንድ ተማሪ አበበ ቢቂላና መሐመድ አሊ በአንድ ኦሊምፒክ ነበሩ ሲባል ሰምቶ «እውነት ነው ወይስ ወሬ?» ይላል።

እውነት ነው። ሮም፣ 1960። አሊ ያኔ ካሲየስ ክሌይ የሚባል የ18 ዓመት ልጅ ነበር። ሴፕቴምበር 5 በቀላል ከባድ ሚዛን የፖላንዱን ተጋጣሚውን አሸንፎ ወርቅ ወሰደ። በአምስተኛው ቀን ደግሞ የጃቶው ልጅ አበበ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ። ጃቶ እዚያው አጠገብህ ናት፤ ሄደህ እያት።

ከመሐል ሜዳ፦ ቀጭን ነኝ፣ ከባድ ሚዛን መግባት እፈልጋለሁ፣ በሶ ይበቃኛል?

በሶው ጥሩ ነው፤ እንቁላልና ባቄላ ጨምርበት። ግን በተፈጥሮ ሚዛንህ ብትጫወት ይሻልሃል። የሥነ ምግብ ባለሙያ ካገኘህ አማክር።

ከሸዋ ሮቢት፦ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ቡና በተፈላ ቁጥር ልጆቻቸው «ታይሰን ይበልጣል፤ አምስት ጊዜ የተሸነፈ ሰው እንዴት ታላቅ ይባላል?» እያሉ ይሟገቷቸዋል። ፍርድ ስጠን ይላሉ።

መምህር፣ ልጆችዎ ስለ ታይሰን የሚሉት ከንቱ አይደለም። በ1986 የወቅቱን ሻምፒዮን ትሬቨር በርቢክን ሲዘርር ገና 20 ዓመቱ ነበር። በዚያ ዕድሜ የከባድ ሚዛን የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ሌላ ሰው እስካሁን የለም። እኔ ግን ቦክሰኛን ስመዝን መጀመሪያ የምጠይቀው «ማንን ገጠመ?» ብዬ ነው። አሊ ሊስተንን፣ ፍሬዘርን፣ ኖርተንን፣ ፎርማንን ገጥሞ አራቱንም አሸንፏል። በ1974 ኪንሻሳ ላይ ገመዱን ተደግፎ የፎርማንን ቡጢ ሲቀበል ያዩ ሁሉ አለቀለት ብለው ነበር። ፎርማን ክንዱ ሲዝል አሊ በ8ኛው ዙር ዘረረው። ይህ ሁሉ የሆነው ምርጥ ዕድሜውን ከተቀማ በኋላ ነው። በ1967 ለቬትናም ጦርነት አልመለመልም በማለቱ ቀበቶውን ነጠቁት፤ ሦስት ዓመት ተኩል ሪንግ አልረገጠም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነጻ ያለው በ1971 ነው።

አሁን ወደ አምስቱ ሽንፈቶች። አሊ በ61 ግጥሚያ 56 ጊዜ አሸንፏል፤ 37ቱ በዝረራ ነው። ከአምስቱ ሽንፈቶች ሦስቱ የደረሱበት በመጨረሻዎቹ አራት ግጥሚያዎች ነው። ልጆችዎ ይህን ልብ ይበሉልኝ። እስከ 1978 ድረስ ያሸነፉት ፍሬዘርና ኖርተን ብቻ ነበሩ፤ ሁለቱንም መልሶ አሸንፏቸዋል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። በ1975 ማኒላ ላይ አሊና ፍሬዘር 14 ዙር ተደባደቡ። የፍሬዘር ዓይን አብጦ ተደፍኗል፤ የሚመጣውን ቡጢ አያይም። እሱ ግን ልቀጥል ይላል። አሠልጣኙ ኤዲ ፋች 15ኛውን ዙር ከለከለው፤ «በቃ» አለ። ፍሬዘር ተናደደ። ለእኔ ግን በዚያ ቀን ትልቁን ሥራ የሠራው ፋች ነው።

ለአሊ እንዲህ ያለ ሰው በጊዜ አልተገኘለትም። ከማኒላ በኋላ 10 ጊዜ ገጠመ። ሐኪሙ ፈርዲ ፓቼኮ በ1977 ኩላሊቱ መጎዳቱን የሚያሳይ የምርመራ ውጤት ለእሱና ለቅርብ ሰዎቹ ላከ። የሚሰማው ሲያጣ ትቶ ሄደ። በ1980 ከሻምፒዮኑ ላሪ ሆምስ ጋር ከመግጠሙ በፊት ሜዮ ክሊኒክ የሚባለው የአሜሪካ ሆስፒታል መረመረው፤ በአንድ እግሩ ሲዘል ቅልጥፍና እንዳነሰው ተመዘገበ። ፈቃዱ ግን ተሰጠ! የ38 ዓመቱ አሊ በሆምስ አንድም ዙር ሳያሸንፍ ተደበደበ። አሠልጣኙ አንጄሎ ደንዲ ያስቆመው ከ10ኛው ዙር በኋላ ነው። ያም አልበቃ ብሎ በ1981 በርቢክን ገጠመ፤ ያው በኋላ ታይሰን የዘረረውን ሰው። ተሸነፈና አቆመ። በ1984 ፓርኪንሰን የሚባል የሚያንቀጠቅጥ የነርቭ በሽታ እንዳለበት ታወቀ። በሽታውን ያመጣው ቡጢው ብቻ ነው ወይ የሚለውን ሐኪሞችም ተከራክረውበታል፤ እኔ አልፈርድም። ያ ሁሉ ቡጢ ጭንቅላቱን ጠቀመው የሚል ሰው ግን የለም።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው፦ አሊ ይበልጣል፤ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ሽንፈት ደግሞ ከእሱ ይልቅ በዙሪያው ለነበሩት ይጻፍ። ታይሰንም ቢሆን በ2024 በ58 ዓመቱ ሪንግ ላይ ሲወጣ የሚያስቆመው አላገኘም። ልጆችዎ ይህንንም ይዩት።

ከደብረ ሲና፦ አንዲት እህት ስለ ታናሽ ወንድሟ ጽፋልኛለች። 17 ዓመቱ ነው፣ ቦክስ ይሠራል። ስፓሪንግ (የልምምድ ግጥሚያ) ባደረገ ማግስት ራሱን ያመዋል፣ ብርሃን ይከብደዋል፣ የነገሩትን ይረሳል። አሠልጣኙ «ይለመዳል» ብሎታል።

እህቴ፣ አይለመድም። ይህን እንዳነበብሽ ልምምዱን አስቁሚው። ፓናዶል ውጦ ወደ ሪንግ የሚመለስ ልጅ ራሱን እያጠፋ ነው። የመጀመሪያው ጉዳት ሳይሽር ሁለተኛ ቡጢ ቢያርፍበት አንጎሉ ሊያብጥ ይችላል፤ በዚህ የሞቱ ወጣቶች አሉ። ጤና ጣቢያ ውሰጂውና ሪፈር አስጽፊ፤ የነርቭ ሐኪም ይየው። «ሻል ብሎኛል» ቢልሽም ውሰጂው። ካስመለሰው፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከተንተባተበ ወይም አልነቃ ካለ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይግባ።

አሠልጣኙን አትፍሪው። ይህን ጽሑፍ አሳዪው፤ ሐኪሙ በጽሑፍ እስኪፈቅድ ድረስ ልጁ ጓንት እንደማያጠልቅም ንገሪው። ሐኪሙ ያለሽን ደግሞ ጻፊልኝ።